ዲኤልሲውን ከመግዛትህ በፊት

ለምወድህ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን አለህልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ዘንድሮ ለጉድ ነው፤ አባትህ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቦም አልሞቀው።

ለኤልደን ሪንግ ጌምህ ዲኤልሲ፣ ማለትም በጌሙ ላይ ተጨምሮ ለብቻው የሚሸጠውን ማስፋፊያ፣ መግዣ እንዲሆንህ አጎትህ የ40 ዶላር ካርድ እንዲልክልህ ለምኝልኝ ብለኸኝ ነበር። እስካሁን አልደወልኩለትም። አልደውልም ማለቴ አይደለም፤ ግን መጀመሪያ ስማኝ።

ጌም የማታውቅ እናት አድርገህ አትቁጠረኝ። በር ላይ ያለችውን ፕሌይስቴሽን ቤት ስጠብቅ አይደል የምውለው! እዚህ የሚመጡት ልጆች ኳስ እንጂ ሌላ አይከፍቱም፤ ሒሳቡ በጨዋታ ስለሆነ ታሪክ ያለው ጌም ጀምሮ የሚጨርስ የለም። ታሪክ እንዳንተ የራሱ ማጫወቻ ላለው ነው። ስለዚህ ዲኤልሲ ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው አልልህም። ታናሽህ ዊቸር 3ን ሲጫወት አጠገቡ ምስር እየለቀምኩ አይቻለሁ። ብለድ ኤንድ ዋይን የሚሉት ማስፋፊያ እ.ኤ.አ. በ2016 በ20 ዶላር የወጣ ነው። አዲስ አገር አለው፣ አዲስ ሰዎች አሉት፣ ያ ነጭ ጸጉር ያለው ሰውዬ የወይን እርሻና ቤት ሁሉ ይሰጠዋል፤ ልጁ ስንት ማታ እንደፈጀበት እኔ ነኝ የማውቀው። በዚያው ዓመት ጌም አዋርድስ በሚባለው የጌሞች ሽልማት ላይ ምርጥ ሮል ፕሌይንግ ጌም (የታሪኩን ሰው ሆነው የሚጫወቱት ዓይነት) ተብሎ የተሸለመው እሱ ነው፤ ማስፋፊያ ሆኖ ሙሉ ጌሞቹን በልጦ! እንዲህ ላለው ብር ቢወጣ አይቆጭም። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ኦብሊቪየን ለሚባለው ጌም የፈረስ ጥሩር ብቻ በ2.50 ዶላር ሸጠዋል አሉ። ታሪክ የለው፣ ምን የለው! እኛ አገር ፈረስ የሚሸለመው ለጥምቀት ነው፣ ያውም እውነተኛው።

የአንተው የኤልደን ሪንግ ማስፋፊያ ከፈረስ ጥሩሩ ወገን አይደለም፤ ትልቅ ሥራ ነው ይላሉ፣ አምናለሁ። ነገር ግን በዋናው ጌም ውስጥ ራዳንና ሞግ የሚባሉትን ኃይለኛ ጠላቶች ሁለቱንም ካላሸነፍክ መግቢያው አይከፈትልህም። ለታናሽህ ሞግ ጋ ገና አልደረስኩም ብለኸዋል። ታዲያ ዛሬ ብትገዛው ምን ልታደርግበት ነው?

ሌላም አለ። ዲስክህን የገዛኸው ከዱባይ ዕቃ ከሚያመጣ ሰው ነው። አጎትህ የሚልከው ካርድ የሚሠራው በአሜሪካ አካውንት ላይ ነው። ጌም ደግሞ ዓለምን በሽያጭ ክልል ከፍሎ ነው የሚሸጠው፤ የአንዱ ክልል ዲኤልሲ ከሌላው ክልል ዲስክ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ከተከፈለ በኋላ አልሠራም ቢልህ ለማን አቤት ትላለህ? ዲስክ ቢሆን ትሸጠዋለህ፣ ለጓደኛህ ታውሰዋለህ፤ ይሄ ግን አካውንትህ ላይ እንደታሰረ ይቀራል። ጓደኛህ የጀመረውን የሳይበርፐንክ ማስፋፊያማ ጨርሶ እንዳታስበው፤ ፋንተም ሊበርቲ የሚሉት ያ ማስፋፊያ ላንተ ማጫወቻ፣ ለፒኤስ 4፣ አልተሠራም።

ዋጋውንም ተመልከተው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሪው ነገር ከመለቀቁ በፊት 40 ዶላር 2,300 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የሚከፍለው አጎቴ ነው ትለኝ ይሆናል፤ የአያትህ መድኃኒትም የሚመጣው ከዚያው ኪስ ነው።

አሁን ሞግን ጨርስ። የዲስኩን ሽፋን ጀርባውን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ የየት ክልል እንደሆነ ታናሽህ ያየዋል። ከገጠመ፣ ቅናሽ እስኪወጣ ጠብቀን ለአጎትህ እኔው ራሴ እደውላለሁ። ካልገጠመም ቁርጡን ዕወቅና ዊቸርን ከታናሽህ ተዋስ፤ ሁለቱም ማስፋፊያ አብሮት ያለበት ዲስክ ነው፣ ምንም አትከፍልም።

በሶውን ለሚመጣው ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ ቅዳሜ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበለው።

እናትህ
ከደብረ ብርሃን