ለዝሆኔ ሕሙማን የሚሆን ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ፦ ለክልሉ ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ለዝሆኔ ሕሙማን የእግር እንክብካቤ ቋሚ በጀት እንዲያዝ ስለመጠየቅ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ አንድ የገጠር ቀበሌ የምኖር ጡረተኛ መምህር ስሆን፣ ዝሆኔ የያዛቸው ጎረቤቶቼ ባቋቋሙት ትንሽ ማኅበር ውስጥ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ማኅበሩ ማኅተም የለውም። አባላቱ አብዛኞቹ በአውራ ጣታቸው የሚፈርሙ በመሆናቸው፣ የሚሉትን በጽሑፍ የማቅረቡ ሥራ በእኔ ላይ ወድቋል።

ቢሮው እንደሚያውቀው፣ በደጋውና በወይና ደጋው አካባቢ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ከትንኝ የሚመጣ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘው ቀይ አፈራችን፣ ለዓመታት በባዶ እግሩ በሚያርስና በሚያርም ሰው ቆዳ ውስጥ ደቃቅ ቅንጣቶቹን እያስገባ የሊምፍ ቱቦዎችን፣ ማለትም ትርፍ ፈሳሽን ከእግር የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ሲጎዳና ሲዘጋ የሚከሰት፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙ ግን እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናትም ለአፈሩ ተጋላጭ የመሆን ዝንባሌ በዘር እንደሚወረስ አሳይቷል። ሕዝባችን ይህችን ግማሽ እውነት ይዞ «የዘራቸው ነው» እያለ ነው ሽማግሌ የሚመልሰው፣ የተጫጨውን የሚያፈርሰው፣ በሠርግ ዳስ ውስጥ ሕመምተኛውን ከበር አጠገብ የሚያስቀምጠው። ጫማ ያደረገ ልጅ፣ ወላጆቹ ሕሙማን ቢሆኑ እንኳ፣ ከበሽታው ሊጠበቅ እንደሚችል የሚነግረው ሰው አላገኘም።

ማኅበሩ የተጀመረው በአንዲት ሴት ነው። ለዓመታት ጸበል ስትመላለስ፣ በለቅሶ ቦታም ሽታው ሰው እንዳያስቸግር ብላ ከአጥር ሥር ስትቀመጥ የኖረች ሴት ናት። ከአንድ ነርስ የእግር አስተጣጠብ ተማረች፦ በሳፋ ንጹሕ ውሃ ቀርቦ፣ በሳሙና በጣቶችና በእጥፋቶች መካከል ሳይቀር ታጥቦ፣ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውሃ ተዘፍዝፎ፣ በደንብ ደርቆ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ በፋሻ ታስሮ፣ ማታ ከፍ ተደርጎ ማደር፤ ቀን ደግሞ ካልሲና ድፍን ጫማ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቁስሉ ደረቀ፣ ሽታው ጠፋ። እሷም ከአጥሩ ሥር ተነስታ ሰው መካከል ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሕሙማን እየመጡ ይጠይቋት ጀመር፤ ዛሬ ከሃያ በላይ ሆነን በየወሩ በ21፣ እርሻ በማይነካበት በእመቤታችን ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ እንሰበሰባለን። የሳሙና መዋጮ እናዋጣለን፤ ውሃ መቅዳት ለማይችለው ደግሞ በወንፈል እንደሚታረሰው ሁሉ በተራ ይቀዳለታል። ልጅ እያለሁ ከመንገድ የመጣ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብለትም ነበር፤ በጸሎተ ሐሙስም ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ከዚህ ባህል መካከል የታመመ እግርን የሚሸሽ ሰው እንዴት እንደወጣ አሁንም አይገባኝም።

የማኅበሩ አባላት ያዩት በጥናትም የተረጋገጠ ነው። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እንክብካቤውን ለ12 ወራት ያገኙት ሰዎች ትኩሳት ይዞ የሚነሳው አጣዳፊ ሕመም በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲነሳባቸው፣ ገና ባልጀመሩት ላይ ግን 23.9 ጊዜ መነሳቱን አሳይቷል። ልዩነቱ ለቢሮ ሰው ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሕመሙ በተነሳ ቁጥር ሰውየው ለቀናት ይተኛል፤ በሰኔ የተኛ ገበሬ ደግሞ የዘር ወቅት ያልፈዋል። በዓመት አራት ተኩል ጊዜ ከመተኛት መዳን በገጠር ቤት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የሚያርሰው ነው።

በሽታው ከመንግሥት ዕቅድ ውጭም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ ዕቅድ ትኩረት ከሚሹ ሐሩራማ በሽታዎች መካከል አካትቶታል። የጎደለው ነገር እንክብካቤው በፕሮጀክት መጥቶ በፕሮጀክት መሄዱ ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት አባላቶቻችን ግማሽ ቀን ተጉዘው ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ቢደርሱ፣ የሠለጠነው ነርስ ተዛውሯል፣ ቅባትና ፋሻም የለም፣ ፕሮጀክቱ አልቋል ተባሉ። አንደኛው አዛውንት «የእኔ እግር ግን አላለቀም» ብለው ተመለሱ። በጸጥታው ችግር መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ደግሞ ሳሙና እንኳ በሱቅ ጠፍቶ፣ ደርቆ የነበረው ቁስል ሲመለስ አይተናል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ቅባት፣ ፋሻ፣ ሳሙናና በረኪና እንደ ማንኛውም መድኃኒት በጤና ጣቢያዎች መደበኛ በጀት እንዲያዙ ነው። የሠለጠነ ባለሙያ ሲዛወርም ሥራውን ለሌላ ሳያስተምር እንዳይሄድ መመሪያ ይውጣ። የጫማው ነገር ከሁሉም የከበደ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ጫማ ላበጠ እግር አይገባም፣ ኮንጎውም ሆነ በረባሶው አፈሩን አይከለክልም። በወላይታ ሕሙማን ራሳቸው የጫማ ሥራ ተምረው ለእብጠቱ ልክ የሚሆን ጫማ ሰፍተዋል፤ ደብረ ማርቆስም ቆዳ ሰፊ አያጣም፣ ሥልጠናና የመነሻ ቆዳ ቢገኝ ከአባላቶቻችን መካከል ሥራውን የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ከማኅበሩ አንድ ሰው ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው፤ እግሩን ደብቆ ከቤት የማይወጣ ሕመምተኛ ለሠራተኛዋ የማይከፍተውን በር፣ እንደ እሱ ለታመመ ሰው ሲከፍት ደጋግመን አይተናል።

ቢሮው ጉዳዩን በቦታው ማየት ቢፈልግ፣ በማንኛውም ወር በ21 ከቅዳሴ በኋላ ባለሙያ ይላክልን። ውሃው ተቀድቶ፣ ሳፋው ቀርቦ ይጠብቀዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሕሙማኑ ማኅበር ጸሐፊ
ምሥራቅ ጎጃም