«ፈተናው ቀርቷል» ለሚለው ዓረፍተ ነገር የተሰጠ እርማት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው እትማችሁ ከውጭ አገር ሆነው ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚያመለክቱ ተማሪዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ብዙ ቁም ነገር የያዘ ጽሑፍ ነው። «ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ፈተና መጠየቅ አቁመዋል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ግን አንባቢን የምታሳስት በመሆኗ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን እንዲህ ያሉ አመልካቾችን በፈተና ምርጫና በዝግጅት ለዓመታት ሳግዝ ቆይቻለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ዓረፍተ ነገሯ በ2020 ወይም በ2021 ተጽፋ ቢሆን ኖሮ ትክክል በሆነች ነበር። በዚያን ጊዜ ወረርሽኙ የፈተና ጣቢያዎችን በመዝጋቱ፣ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ኤስኤቲና ኤሲቲ የተባሉትን ሁለት የመግቢያ ፈተናዎች ውጤት መላክን ለአመልካቹ ፈቃድ ትተውት ነበር። ሆኖም ኤምአይቲ በ2022 ግዴታውን መለሰ፤ በ2024 ደግሞ ዳርትማውዝ፣ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ ግዴታውን እንደሚመልሱ ተራ በተራ አስታወቁ፤ ስታንፎርድም በዚያው ዓመት የእነሱን መንገድ ተከተለ። በአንጻሩ ኮሎምቢያ በ2023 ምርጫውን ለአመልካቹ በቋሚነት እንደሚተው ወሰነ። በርክሊንና ዩሲኤልኤን የሚያቅፈው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ውጤቱ ቢላክለት እንኳ ለመግቢያ ውሳኔ አይመለከተውም። ስለዚህ አመልካቹ መጀመሪያ ሊይዝ የሚገባው የዩኒቨርሲቲዎቹን ስም ዝርዝር ነው፤ የትኛውን ፈተና ልውሰድ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ከውጭ ለሚያመለክቱ ብቻ የተጻፉ አንቀጾችም በየደንቡ አይጠፉም። ለምሳሌ ዳርትማውዝ ግዴታውን ሲመልስ፣ ከአሜሪካ ውጭ ከሚገኝ ትምህርት ቤት የሚመጣ ተማሪ በኤስኤቲ ፋንታ የአይቢ ወይም የኤ ሌቭል (ሁለቱም ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዎች ናቸው) ወይም አቻ የሆነ ብሔራዊ ፈተና ውጤት ማቅረብ እንዲችል ፈቅዷል። ይህን አንቀጽ ሳያነቡ ለፈተና ገንዘብ የከፈሉ ተማሪዎች አጋጥመውኛል።

ፈተናው በፈቃድ በሆነበት ቦታም ቢሆን ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ዳርትማውዝ ውሳኔውን የለወጠው የራሱ መምህራን ባደረጉት ጥናት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ከዝቅተኛ የኑሮ ደረጃ የመጡ አመልካቾች በ1400ዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሊረዳቸው ይችል የነበረ የኤስኤቲ ነጥብ «ያንሳል» ብለው ሳይልኩ እንደቀሩ ጥናቱ አሳይቷል። የማመልከቻ መርማሪዎቹ ነጥቡን ብቻውን ሳይሆን ተማሪው ከተማረበት ትምህርት ቤትና ከአካባቢው ሁኔታ ጋር አያይዘው እንደሚያነቡት ልጆቹ አላወቁም ነበር። ስሙ በቅበላ ክፍሉ ከማይታወቅ ትምህርት ቤት ለሚያመለክት የውጭ ተማሪ ይህ ጉዳይ ይበልጥ የሚመለከተው ይመስለኛል፤ ትምህርት ቤቱ የሰጠው 95 ነጥብ ምን ያህል እንደሚመዝን መርማሪው የሚያመሳክርበት ነገር ያስፈልገዋልና።

ከኤስኤቲና ከኤሲቲ የቱ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ሁለቱንም የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ አላውቅም፤ የሚመርጠው ተማሪው ነው። ኤስኤቲ ከ2023 ጀምሮ ከአሜሪካ ውጭ በኮምፒውተር ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ 98 ጥያቄዎችን በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ያስጨርሳል። እያንዳንዱ ክፍል በሁለት ሞጁል (ንዑስ ክፍል) የተከፈለ ነው፤ የሁለተኛው ሞጁል ክብደት የሚወሰነው ተፈታኙ በመጀመሪያው ባሳየው ውጤት ስለሆነ፣ መጀመሪያው ላይ መዘናጋት ከፍተኛውን ነጥብ ከእጅ ያስወጣል። የንባብ ምንባቦቹ አጫጭር ናቸው፤ ለእያንዳንዱም አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀርብለታል። ኤሲቲ በቅርቡ ተሻሽሎ ካጠረና የሳይንሱ ክፍል በፈቃድ ከሆነ ወዲህም፣ በንባብ ክፍሉ ረጃጅም ምንባቦችን አቅርቦ 36 ጥያቄ በ40 ደቂቃ እንዲመለስ ይጠይቃል።

ልዩነቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ያየሁት በአንዲት ተማሪዬ ነው። በሂሳብ የምታስገርም፣ እንግሊዝኛን ግን ቀስ ብላ የምታነብ ልጅ ነበረች። የኤሲቲን የልምምድ ንባብ ከፊቷ አስቀምጬ ሰዓት ያዝኩ። የመጀመሪያውን ምንባብ ስትጨርስ 14 ደቂቃ አልፎ ነበር፤ ሦስት ምንባቦች ገና ይቀሯታል። መልሶቿ አንድም ስሕተት አልነበረባቸውም፤ ያነሳት ጊዜ ነው። በማግስቱ በኤስኤቲ ልምምድ ያንኑ ዓይነት ንባብ በአጫጭር ቁርጥራጭ ስታገኘው ከሰዓቱ ጋር እኩል ሄደች። ከዓመት በኋላ ደግሞ ረጅም ጽሑፍ እንደ ውኃ የሚጠጣ፣ የኤስኤቲ የቃላት ጥያቄ ግን የሚያደናቅፈው ልጅ ገጠመኝ፤ እሱን ወደ ኤሲቲ መራሁት። ሁለቱም ፈተናዎች በነፃ የሚገኝ የልምምድ ቅጂ አላቸው። አንዱን ቅዳሜ፣ ሌላውን በሳምንቱ ሰዓት ይዞ መሥራት ለምርጫው በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንዱን ይዞ ሌላውን መርሳት ነው።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው አንድ ማሠልጠኛ ለተማሪዎቼ ኤስኤቲን፣ ኤሲቲንና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና የሆነውን ቶፍልን በአንድ ጥቅል «ለዋስትና» ሲሸጥላቸው ስላየሁ ነው። ሦስቱንም የጀመሩት ልጆች አንዱንም በወጉ ሳያጠናቅቁ የማመልከቻው ጊዜ ደረሰ። የኤስኤቲ አዘጋጅ የሆነው ኮሌጅ ቦርድ ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሰጠው የክፍያ ነፃነት የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነን የውጭ ተፈታኝ ስለማይጨምር፣ የእያንዳንዱ ተጨማሪ ፈተና ወጪ የሚያርፈው በቤተሰብ ላይ ነው።

የቋንቋ ፈተና ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ቶፍል የኤስኤቲ ምትክ አይደለም፣ ኤስኤቲም በሁሉም ቦታ ቶፍልን አያስቀርም። ሃርቫርድ የእንግሊዝኛ ፈተና አይጠይቅም፤ ሌሎች ይጠይቃሉ፤ በእንግሊዝኛ የተማረን የሚያልፉም አሉ። የቶፍል፣ የአይልትስና የዱዎሊንጎ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ፣ በአሥረኛ ክፍል በጉጉት የተወሰደ ቶፍል በማመልከቻው ቀን ጊዜው አልፎበት ሊገኝ ይችላል።

እርማቱን በሚቀጥለው እትም እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ። ወደፊት የዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር ስታትሙ በየስማቸው አጠገብ ደንቡ የሚሠራበትን የማመልከቻ ዓመት ብትጽፉ፣ ጋዜጣውን ቆርጦ በደብተሩ ውስጥ ያስቀመጠ ተማሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያወጣው አሮጌ ደንብ ማንበቡን ወዲያው ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ የሂሳብ መምህር