ነጠላ ዜማ ሲሸለም የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለሙያዎችም ይጠሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ከሚተላለፈው የለዛ ፕሮግራም የተወለደው የለዛ ሽልማት ከሚያወዳድራቸው ዘርፎች አንዱ የዓመቱ ምርጥ ነጠላ ዜማ ነው። አድማጭ የወደደውን ሥራ ራሱ የሚመርጥበት መድረክ መኖሩ ያስመሰግናል። ይህን የምጽፈውም ለዚህም ሆነ ወደፊት ለሚመሠረቱ የሙዚቃ ሽልማቶች አንድ ሐሳብ ለማቅረብ ነው።

ምርጥ ድምፃዊ ሲባል የሚመዘነው ሰው ነው፤ በነጠላ ዜማ ዘርፍ ግን የሚመዘነው ሥራው ነው። ያን ሥራ ድምፃዊው ብቻውን የሚሠራው ከስንት አንዴ ነው፤ ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውን የደረሰ፣ ያቀናበረ፣ ሚክሲንግና ማስተሪንጉን (የተቀረጹትን ድምፆች የማመጣጠንና የመጨረሻ ጥራታቸውን የማስተካከል ሥራውን) የሠራ ባለሙያ አለ። የአሜሪካው ግራሚ እንኳ ለቀረጻው የሚሰጠውን ሽልማትና ለዘፈኑ ድርሰት የሚሰጠውን ለይቶ ያስቀምጣል።

በካሴት ዘመን ሽፋኑን ስንገልጥ ከየዘፈኑ ርእስ ጎን ግጥሙና ዜማው የማን እንደሆነ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ እናገኝ ነበር፤ ብዙዎቻችን አቀናባሪዎችን በስም የለየነው በዚያች ወረቀት ነው። ዛሬ ነጠላ ዜማ በዩቲዩብ ስለሚለቀቅ ስሞቹ የሚገኙት ከቪዲዮው ግርጌ ባለው መግለጫ ውስጥ ሲሆን፣ ያን ከፍቶ የሚያነብ አድማጭ ጥቂት ነው። በሸክላው ዘመንም ቢሆን ግርማ በየነ ያቀናበራቸውን በርካታ ዘፈኖች ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በዘፋኞቹ ስም ብቻ ነው፤ ይህ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ከገንዘብ ጥቅሙ ባሻገር የሥራው ባለቤት ተብሎ የመታወቅን መብት ይሰጠዋል። የሽልማት መድረክ ይህን መብት በአደባባይ ለማክበር ከሁሉ የተመቸ ስፍራ ነው።

ስለዚህ እጩዎቹ ሲነበቡ የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ስም ከድምፃዊው ጋር አብሮ ይነበብ፤ አሸናፊው ሲታወቅም አብረው ወደ መድረክ ወጥተው በየስማቸው የተዘጋጀ ምስክር ወረቀት ይቀበሉ። በተጨማሪም አንድ ነጠላ ዜማ ለውድድር ሲቀርብ የግጥሙና የዜማው ደራሲዎች የፈረሙበት ማረጋገጫ አብሮ ቢጠየቅ፣ የባለቤትነት ክርክር ካለ ዋንጫው ከመሰጠቱ በፊት ይጣራል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሙዚቃ አድማጭ
ከአዲስ አበባ