ያልተመዘገበ ስዕልም ባለቤት አለው

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን ስለ ቅጂ መብት ያወጣችሁትን ዘገባ ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ዘፋኞች ብዙ ተብሏል። ስለ ፊልም ሠሪዎችም እንዲሁ። በታብሌት ስለን በቴሌግራምና በኢንስታግራም ለምንሸጠው ለእኛ ግን የደረሰችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እሷም ስህተት ናት። ዲጂታል ስዕል የሚሸጡ ሰዎች ሥራቸውን ካላስመዘገቡ መብት የላቸውም ትላለች።

ይህን ከየት አመጣችሁት? የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። አንቀጽ 6ን ገልጦ ማየት ይህን ያህል ይከብዳል? ሥራው ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም ከሠሪው ጭንቅላት ወጥቶ የሆነ ነገር ላይ ከሰፈረ፣ ጥበቃ የሚያገኘው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ጥራቱ አይጠየቅም። ለምን ዓላማ እንደተሠራም አይጠየቅም። ለቲሸርት ተብሎ የተሳለም፣ ለኤግዚቢሽን የተሳለም በሕጉ ፊት እኩል ነው።

ምዝገባ አይረባም እያልኩ አይደለም። ክርክር ሲነሳ ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የተገኘ ምስክር ወረቀት ትልቅ ማስረጃ ነው። ለጓደኞቼም አስመዝግቡ እላለሁ። ግን ማስረጃ ሌላ፣ መብት ሌላ። የልደት ካርድ ያልወጣለት ልጅ አልተወለደም አይባልም።

ነገሩ ያንገበገበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ለዓድዋ በዓል የሳልኳት እቴጌ ጣይቱ አለች። ከማተቧ ሥር ያለውን ሰማያዊ ዶቃ ከራሴ ፈጥሬ ነው የጨመርኩት፤ በየትኛውም ፎቶ ላይ አይገኝም። የዓድዋ ሰሞን ያቺው ስዕል ከነዶቃዋ የአንድ ማተሚያ ሱቅ በር ላይ ቲሸርት ላይ ተሰቅላ አገኘኋት። ከታች በስተቀኝ የነበረውን ፊርማዬን በቡናማ ቀለም ሸፍነው፣ በላዩ ላይ የሱቁን ስልክ ቁጥር ጽፈውበታል። ገብቼ ጠየቅኩ። ባለሱቁ ምንም አልደነገጠም። «እህቴ፣ ከቴሌግራም ያገኘነው ነው። ለመሆኑ አስመዝግበሻል?» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የእናንተን ዘገባ አሳየኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር በቀይ አክብቦ ስክሪንሾት አድርጎ ይዟታል!

እንግዲህ ሥራችሁን እዩት። የእኔን ላብ ለወሰደ ሰው መከራከሪያ አቀበላችሁት። ፊርማ መፋቁ ራሱን የቻለ በደል ነው። በሥራዬ ላይ ስሜ እንዲጠቀስና ሥራዬ እንዳይበላሽ የመጠየቅ መብት አለኝ፤ አንቀጽ 8 ላይ ሰፍሯል። እናንተ ግን ስለ ሞራል መብት አንድ ቃል አልጻፋችሁም።

ሰውዬው ሌላም ነገር አለ። «እቴጌ የሁሉም ናቸው።» እውነት ነው፤ የሁሉም ናቸው። የዚያ ዘመን ፎቶዎች የጥበቃ ጊዜ አልፏል፤ በአዋጁ ፎቶግራፍ የሚጠበቀው ከተነሳ በኋላ ለ25 ዓመት ነው። ስለዚህ ማንም ተነስቶ የራሱን ጣይቱ ይሳል። የእኔን ስዕል ግን አያትም። የሰዓሊ ሥራ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ይህ ሕግ እኛንም ይይዘናል። ትናንት የተነሳ የሰው ፎቶ ላይ ፊልተር ጭነው፣ በላዩ መስመር አስምረው የራሳችን ነው ብለው የሚሸጡ የሙያ ባልደረቦች አሉ። ይህም ቢሆን ያው መስረቅ ነው፤ ፎቶ አንሺውን ማስፈቀድ አለባቸው።

ያቺው ዓረፍተ ነገር ውጭ አገር ባሉ ገበያዎች የሚሸጡትንም አሳስታለች። ኤትሲ በተባለው የመሸጫ ድረ ገጽም ሆነ ኢንስታግራም ላይ አንድ ሰዓሊ ሥራው ተሰርቆ ሲያገኘው፣ እንዲወርድ ለመጠየቅ የምዝገባ ቁጥር ግዴታ አይደለም። በ1998 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣው፣ እነዚህ ገጾች የሚከተሉት የአሜሪካ ሕግ የሚጠይቀው የሰዓሊውን ማንነት፣ የተሰረቀውን ሥራ፣ የተለጠፈበትን ሊንክና ፊርማውን፣ በዚያም ላይ የሚለው እውነት መሆኑን ማረጋገጫ ነው። ዘገባችሁን አምነው ቅጹን ሳይሞሉ የተዉ ልጆች እንዳሉ ሳስብ ያመኛል።

ለእኛ ልትጽፉልን የሚገባው ሌላ ነበር። ብዙዎቻችን የምንኖረው በትዕዛዝ ነው። የሰርግ ፖርትሬት፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የካፌ ግድግዳ። አንቀጽ 21 ደግሞ በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአዛዡ ነው ይላል። ስንቱ ወጣት ይህን ያውቃል? ዋጋ በቻት ተነጋግሮ፣ ቀብድ በቴሌብር ተቀብሎ ይጀምራል። ስለ መብቱ የሚያነሳ የለም። በኋላ ስዕሉ ካላንደር ላይ፣ ኩባያ ላይ፣ ቢልቦርድ ላይ ሲወጣ ያለቅሳል። ያኔ ደግሞ ሕጉ ከጎኑ ላይሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ሁለት መስመር ቢጻፍ ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር፦ መብቱ የሰዓሊው ነው፣ አዛዡ ለዚህና ለዚህ ብቻ ይጠቀምበታል።

በራስ ተነሳሽነት የተሳለውን የሚገዛም ሰው ቢሆን የገዛው አንዱን ቅጂ ነው። ሳሎኑ ይስቀለው፣ ለእናቱ በስጦታ ይስጠው። አባዝቶ የመሸጥ ፈቃድ ግን አልገዛም። ይህንን ለደንበኛ ማስረዳት ጭቅጭቅ ነው። ጋዜጣ ቢያግዘን ስንት ነገር በቀለለልን።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። እርማቱን የመጀመሪያው ዘገባ አናት ላይ አውጡት፤ ማንም በማያየው ጥግ አይሁን። የትዕዛዝ ሥራን ጉዳይ ደግሞ የሕግ ባለሙያ ጠይቃችሁ ለብቻው ጻፉበት። የጣይቱን ስዕል ዋና ፋይል ከነሌየሮቹ (ስዕሉ ደረጃ በደረጃ ከተሠራባቸው ንብርብሮች) እና ከነቀኑ ማየት ከፈለጋችሁ ይዤ እመጣለሁ።

ዲጂታል ሰዓሊ
ከአዲስ አበባ