ከአሠራሩ በፊት ታሪኩን አንብቢ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ባለፈው ስትደውይልኝ ድምፅሽ ደስ አላለኝም። «ሥጋው ይጠበሳል ብዬ ብጠብቅ በገዛ ውሃው ተቀቀለ፤ ሽንኩርቱም ግማሹ አርሮ ግማሹ ጥሬ ቀረ» አልሽኝ። ቀጥለሽ ደግሞ «በቃ እኔ እጄ አይጣፍጥም» አልሽ። የሥጋውና የሽንኩርቱ ነገር መላ አለው፤ አላሳሰበኝም። ይቺ የመጨረሻዋ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ካርቶን ይደርስሻል። ለዓመታት ያጠራቀምኳቸው ኩክስ ኢለስትሬትድ የሚባለው የአሜሪካ የምግብ መጽሔት እትሞች ናቸው። ልጅ ሆነሽ የሽፋናቸውን ሥዕል እያየሽ ትጫወቺባቸው ነበር። አሁን ውስጡን የምታነቢበት ጊዜ ደርሷል። ቤቱ ውስጥ ለራሱና ለቤተሰቡ የሚያበስል ማንም ሰው «አንድ የምግብ መጽሔት ምረጪልኝ» ቢለኝ ሳላመነታ የምሰጠው ይህንን ነው።

መጀመሪያ ስትከፍቺው ላይማርክሽ ይችላል። 32 ገጽ ብቻ ነው። የላክሁልሽ እትሞች ውስጣቸው በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ምራቅ የሚያስውጥ ትልልቅ የቀለም ፎቶ አትጠብቂ። ብዙውን ነገር የሚያሳየው በእጅ በተሳለ ሥዕል ነው። እኔም መጀመሪያ ድርቅ ያለ መጽሔት መስሎኝ ነበር። የሥዕሉ ነገር የገባኝ ኋላ ነው። ፎቶ ያለቀለትን ምግብ ያሳይሻል። ሥዕሉ ግን ቢላዋው የዶሮዋን መገጣጠሚያ የቱ ጋ እንደሚያገኘው፣ ሌላው እጅሽ ምን ይዞ መቆየት እንዳለበት ያሳይሻል። ዶሮ መበለት በወጉ የተማርኩት ከእነዚህ ሥዕሎች ነው።

ማስታወቂያም የለውም። አንድም! ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳታዪው። መጽሔቱ መጥበሻ፣ ቢላዋ፣ ሚዛን እያወዳደረ «ይሄኛው ይሻላል፣ ያኛው ገንዘብ ማባከን ነው» ብሎ ይጽፋል። ዕቃውን ራሱ እንደማንኛውም ሰው ገዝቶ ነው የሚፈትነው። የመጥበሻ አምራች ከፍሎት ቢሆን ኖሮ እንዴት አምነው ነበር? መሥራቹ ክሪስቶፈር ኪምቦል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ኩክስ የሚባል መጽሔት ጀምሮ ነበር፤ እሱ ከዓመታት በኋላ ተቋረጠ። በ1993 በዚህ ስም እንደገና ሲነሣ ያለ ማስታወቂያ፣ በአንባቢው ገንዘብ እንዲቆም ተደረገ። ኪምቦል በ2015 ለቅቆ ሄደ። ምግቡን የሚፈትኑት ሰዎች ግን ሥራቸውን አላቋረጡም።

ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚጀምረው ከብልሽት ነው። «ይህን ምግብ ብዙ ሰው ሲሠራው ይደርቅበታል፤ ለምን?» ብሎ ይነሣል። ከዚያ ከሌሎች ያገኙትን አምስት ስድስት ዓይነት አሠራር ጎን ለጎን ሠርተው ይቀምሳሉ። የቱ ጋ እንደተበላሸ ይጽፋሉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይቀይራሉ፤ እንደገና ይሠራሉ። እሱም አልሆን ሲል ሌላ ይሞክራሉ። አንድን ምግብ በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ የሚሠሩበት ጊዜ አለ። አንቺ የምታነቢው አሠራር ከዚህ ሁሉ ውድቀት በኋላ የቀረው ነው። ውድቀቱም አብሮ ተጽፎልሻል።

ወጣት ሳለሁ አንዲት በሙያዋ የተመሰከረላት ሴት ነበረች። እጇን ያልመረቀ አልነበረም። «እንዴት ነው የምትሠሪው?» ስላት «በዓይኔ ነው» አለችኝ። ሙያ በልብ ነው ይባል የለ፣ ደብቃኝ መስሎኝ ለረጅም ጊዜ ቅር ብሎኝ ኖርኩ። አሁን ሳስበው አልደበቀችኝም። እጇ የሚያውቀውን በቃል ማውጣት አልቻለችም እንጂ። ከሃምሳ ጊዜ ብልሽት የተማረችውን ረስታው፣ የቀረው ልምዱ ብቻ ነበር። ይህ መጽሔት ያንን የተረሳውን ሃምሳ ጊዜ ጽፎ አስቀምጦታል። «እጄ አይጣፍጥም» ስትዪኝ ያመመኝም ለዚህ ነው። ጣዕም አብሮሽ የሚወለድ ነገር አድርገሽ ይዘሽዋል።

ወደ ሥጋሽ ልመለስ። ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። ሥጋ ያንን የተጠበሰ ሽታና ቡናማ መልክ የሚያገኘው ደግሞ ላዩ ወደ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ይህን ለውጥ በ1912 የጻፈበት ሉዊ ካሚል ማያር የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ሥጋው ላይ እርጥበት ካለ መጥበሻሽ መጀመሪያ ያንን ውሃ ማትነን አለበት። ውሃው እስኪያልቅ ላዩ ከ100 ብዙም አያልፍም። አንቺ ደግሞ ቸኩለሽ ሁሉንም በአንዴ ሞልተሽዋል። መጥበሻው ቀዘቀዘ፤ ከሥጋው የወጣው ውሃ መውጫ አጥቶ እዚያው ተጠራቀመ። ተቀቀለ ያልሽው በትክክል የሆነው ነው።

ስለዚህ በወረቀት ወይም በንጹህ ጨርቅ ጠጋ ጠጋ አድርገሽ አድርቂው። መጥበሻውን በደንብ አግዪው። ከግማሹ በላይ አትሙዪው። ጨውን ወይ ቢያንስ 45 ደቂቃ ቀደም ብለሽ አድርጊ፣ ወይ ልክ ልትጠብሺ ስትዪ አድርጊ። መሐሉ ላይ ነው ችግሩ። ጨው መጀመሪያ ውሃ ከሥጋው ይስባል። አሥር ደቂቃ ጠብቀሽ ብታዪው ላዩ ላይ ላብ የመሰለ ጠብታ ታያለሽ። በዚያ ሰዓት ከጠበስሽው ያው ልትቀቅዪው ነው። ከቆየ ግን ያ ጨዋማ ውሃ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ላዩም ይደርቃል።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። «ሥጋን ቀድሞ በኃይል መጥበስ ጭማቂውን ይዘጋል» ስል ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ። ስህተት ነበር። ጥብሱ ጣዕም ይሰጠዋል እንጂ ምንም አይዘጋም። በ2007 እትማቸው ላይ ወፍራም ሥጋን መጀመሪያ 135 ዲግሪ በሆነ ኦቨን ቀስ ብለው አሙቀው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ መጥበሻ ላይ አወጡት። ላዩ ኦቨን ውስጥ ስለደረቀ ቶሎ ቡናማ ሆነ፤ ውስጡም ከዳር እስከ መሐል እኩል በሰለ። ሞከርኩት። ዓመታት በተቃራኒው መሥራቴ ቆጨኝ።

የሽንኩርቱ አጭር ነው። እኩል ክተፊው፣ እሳቱን ቀንሺ። ከድስቱ ሥር መያዝ ሲጀምር ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጊና በማማሰያው ፋቂው፤ የተያዘው ቡናማ ነገር እኮ ጣዕሙ ነው። ከቸኮልሽ በጣም ትንሽ፣ በሁለት ጣት ቆንጠር ያደረግሽው ቤኪንግ ሶዳ መቅላቱን ያፋጥነዋል። ከበዛ ግን ይላሽቃል፣ አፍ ላይም ሳሙና ሳሙና ይላል። አድርጌው አይቻለሁ።

ካርቶኑን ስትከፍቺ ከላይ የምታገኚው የ2007 የኖቬምበር እትም ነው። ዘይት ጠጥቶ ጥጉ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኗል። የፓይ፣ ማለትም ውስጡ በፍራፍሬ ወይም በሌላ ነገር ተሞልቶ የሚጋገረው ምግብ፣ ሊጥ አለበት። ያን ጽሑፍ ስንቴ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም። የፓይ ሊጥ አስቸጋሪነቱ ውሃው ላይ ነው። ውሃ ሲያንስ ሊጡ በማዳመጫው ሥር ይሰነጣጠቃል። ሲበዛ ይዳመጣል፤ ግን ውሃና ዱቄት ሲገናኙ ግሉተን የሚባለው ሊጡን የሚያለጥጥ ፕሮቲን ይፈጠራል፣ ግሉተን ሲበዛ ደግሞ ሊጡ ጎማ ይሆናል። እዚያ ይሠራ የነበረው ኬንጂ ሎፔዝ-አልት የውሃውን ግማሽ በቮድካ ተካው። ከቮድካ 40 በመቶ ገደማው አልኮል ነው፤ በአልኮል ደግሞ ግሉተን አይፈጠርም። ሊጡ እርጥብ ሆኖ ይዳመጣል፣ ግን አይጠነክርም። አልኮሉ ኦቨን ውስጥ ይተናል፤ ጣዕሙም ፓዩ ላይ አይታወቅም።

የመጀመሪያ ቀን ስሠራው እጄ አላመነም። ሊጡ ለስላሳ፣ ትንሽ ተለጣፊ ነበር። ዱቄት ልጨምር እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ማዳመጫውን ከመሐል ወደ ዳር ገፋሁት፤ ዳሩ አልተሰነጠቀም። እንደ ጨርቅ ተነሣ። ሲጋገር ደግሞ ቅጠል ቅጠል ሆኖ ተላላጠ። ያን ቀን የደስታዬ ምክንያት ፓዩ ብቻ አልነበረም። ለምን እንደተሳካ ማወቄ ነበር።

ሁሉ ነገሩ ይመችሻል ማለቴ አይደለም። አሠራሩ ይረዝማል። ለአንድ ኩኪስ ሦስት ሳህንና አንድ ድስት ያስቆሽሽሻል። ከሥራ ደክመሽ በገባሽበት ማታ አትክፈቺው፤ ለእረፍት ቀንሽ አቆዪው። «ምርጥ» የሚሉትም በእነሱ ምላስ ነው። እኔ ጣፋጭ ነገር ላይ ስኳሩን ቀንሼ ነው የምሠራው። መለኪያው ደግሞ የአሜሪካ ነው። 350 ፋራናይት ማለት 177 ሴልሺየስ መሆኑን በየእትሙ ሽፋን ውስጥ በእርሳስ ጽፌልሻለሁ። አንድ አውንስ ከ28 ግራም ትንሽ ይበልጣል።

በኩባያ መለካት ግን አደራ ይቅርብሽ። ይህ መጽሔት አንድ ኩባያ ዱቄት 5 አውንስ ይላል፤ 142 ግራም ማለት ነው። ሌላው ጋ 120 ግራም ሆኖ ታገኚዋለሽ። ዱቄቱን ጠቅጥቆ በመዛቅና በማንኪያ አላልቶ በመሙላት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ኬክሽ ድርቅ ያለብሽ ቀን መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። ሚዛን ግዢ። ከተረፈሽ የኦቨን ቴርሞሜትርም ጨምሪበት፤ የኦቨኑ ቁልፍ የሚለውና ውስጡ ያለው ሙቀት ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

አነባበቡን ልንገርሽ። ምድጃው ላይ ቆመሽ አትጀምሪ። ማታ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ታሪኩን አንብቢ፤ ንጥረ ነገሮቹን ዘርዝሮ ያስቀመጠውን ክፍል ለጊዜው እለፊው። ምን እንዳስቸገራቸው፣ ምን ሞክረው ምን እንደተዉ ተከተዪ። የመጀመሪያውን ጊዜ ቃል በቃል እንዳለው ሥሪ። «ይሄ ምን ያደርጋል» ብለሽ የምትዘዪው ነገር ብዙ ጊዜ የጽሑፉ ግማሽ የወጣለት ነገር ነው። ሁለተኛውን ጊዜም እንዳለው። ሦስተኛው ላይ የራስሽን አድርጊ። የኔን ማስታወሻ ኅዳጉ ላይ ታገኛለሽ፤ «ኦቨኔ ፈጥኖበታል»፣ «ጨው በዛ»፣ «ለልጄ ልደት የተሠራ» የሚል ሁሉ አለ። ከሥሩ የአንቺን ጻፊበት። መጽሔቱ እንዲቆሽሽ አትፍሪ።

ቅዳሜ ሥጋውን እንደገና ሞክሪው። አድርቂው፣ መጥበሻው ይጋል፣ ጥቂት ጥቂቱን አድርጊ። አንዷን ቁራጭ ስታሳርፊ ጆሮሽን ስጪ። ቸስ ብሎ ጮክ ያለ ድምፅ ከሰማሽ ተዪው፣ አትንኪው፤ ራሱ ሲለቅ ገልብጪው። ድምፁ ከጠፋ ውሃ ይዟል ማለት ነው፤ አውጪና መጥበሻውን እንደገና አግዪው። ከዚያ ደውዪልኝ። ምን ድምፅ እንደሰማሽ ንገሪኝ።

እናትሽ