የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ዘንድሮ፦ ከየግቢያችን እስከ ቀበና ወንዝ

የችግኙንና የጽዳት ዘመቻውን ወሬ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ዓመቱን ሙሉ ሲያወራው ስለከረመ እዚህ አልደግመውም፣ በ2017 ልጆቹን ከልባቸው ያሰራቸው የውሻ ካካ ነው። አዎ፣ የውሻ ካካ። ሰፈራችን ውስጥ አጥር ያለው ቤት ሁሉ ውሻ አለው ማለት ይቻላል፣ ጠዋት ጠዋት ግቢው በጎማ ይታጠብና ያለው ነገር በሙሉ በበሩ ስር ወደ ዲቹ ይለቀቃል። ልጆቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ሲጠይቁ ብዙ ሰው "የሆነ ቦታ ይጣራል" ነው ያላቸው። አይጣራም! ዲቹ የዝናብ ውሃ መውረጃ ነው፣ ቀጥታ ቀበና ነው የሚገባው።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ አባራ ሲል የብርቱካን ልጣጭ ይዘን ወጣን፣ ግማሾቹ በሩ ጋ ዲቹ ውስጥ ጣሉ፣ ግማሾቹ ድልድዩ ላይ ሆነው ጠበቁ። ልጣጩ ከትቦው አፍ እየተከታተለ ወንዙ ላይ ዱብ ዱብ ሲል አንዷ የ6ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ የኛ ግቢ ውሃም እኮ እዚሁ ነው የሚመጣው" አለች፣ ማታውኑ እቤት ጎማውን አስቆመች።

ቀበና ትልቁ አቃቂ ወንዝ ይገባል፣ ከዛ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዛ አዋሽ። እታች በዛ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ አሉ፣ አትክልቱም ተመልሶ ገበያችን ይመጣል። የውሻ ዓይነ ምድር ደግሞ ባክቴሪያ ብቻ ሳይሆን የትል እንቁላልም አለው፣ አንዳንዱ አፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ። ወንዙን በዋናነት የሚያቆሽሸው የሽንት ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ እንደሆነ ይገባኛል፣ ይሄኛው ግን በእጃችን ያለ ነው።

ልጆቹ ለየቤቱ የነገሩት ቀላል ነው፣ ውሃ ከመክፈታችሁ በፊት አመድ ነስንሳችሁ በአካፋ አንሱት፣ ከረጢት ውስጥ ቋጥራችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቋጥሮ ዲች ውስጥ መወርወር ግን ከበፊቱም የባሰ ነው፣ ክረምት ላይ ትቦውን የሚደፍነው እሱ ነው። አንድ የጥበቃ አባት "ፍግ አይደል እንዴ፣ ለጎመኑ ይሆናል" ሲሏቸው አንዱ ልጅ "ጋሼ፣ ላም ሳር ነው የምትበላው፣ የውሻው ትል ግን እኛንም ይይዛል" አላቸው፣ እሳቸውም አሁን ከጓሮው ርቀው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረዋል። በጣም ነው የኮራሁበት።

ለከርሞ ሥጋ ቤቶቹ አካባቢ የሚውሉትን ውሾች ነገር እናነሳለን፣ እዛ ባለቤት ስለሌለ ከባለሱቆቹና ከወረዳው ጋር መነጋገር ይኖርብናል። እቤት የማትጠቀሙበት አካፋ ወይም ጓንት ያላችሁ ወላጆች ለምዝገባ ስትመጡ ይዛችሁልን ኑ።