ስለ ቢሾፍቱው አዲስ አየር ማረፊያ ለአዳማ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቢሾፍቱ አቅራቢያ የአዲሱ አየር ማረፊያ ግንባታ በጥር 2018 ዓ.ም. በይፋ ከተጀመረ ወዲህ ከአዳማ ወደ አየር ማረፊያ መንገደኛ ወደሚያመላልሰው ቢሯችን የሚደውል ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፤ «ዋጋችሁ መቼ ይቀንሳል?» አዲሱ ለአዳማ ቢቀርብም፣ ወደ ቦሌ እስከተጓዝን ድረስ አይቀንስም። ይጠናቀቃል ተብሎ የታቀደው እ.ኤ.አ. በ2030 ስለሆነ፣ ከወዲሁ «በአዲሱ ኪሎ ሜትር» የብዙ ዓመት ውል እንፈራረም ላሉን መሥሪያ ቤቶችም መልሳችን ይኸው ነው። ያልተነዳ መንገድ አንሸጥም።

ቀኑ ሲደርስ ግን ለአዳማ ትልቅ እፎይታ ነው። የፈጣን መንገዱ አስቸግሮን አያውቅም፤ ሰዓቱን የሚበላው ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ያለው የቃሊቲ መጨናነቅ ነው። ወደ ጅዳ የምትሄድ ልጃቸውን ሊሸኙ የመጡ እናት እዚያ ቆመን ሰዓት ደጋግመው ሲጠይቁን ስንት ጊዜ ተጨንቀናል! ቢሾፍቱ ከዚያ ሁሉ ወዲህ ነው። ቦሌ በዓመት 25 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ የማስተናገድ አቅም አለው፤ አዲሱ በመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን እንዲይዝ ታቅዷል። የቦታው ከፍታም ከቦሌ ያነሰ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ አውሮፕላን ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል።

የሚያሳስበን ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ጊዜ ነው። በካናዳዋ ሞንትሪያል እ.ኤ.አ. በ1975 ሚራቤል የተባለ አየር ማረፊያ ከከተማው ርቆ ተከፈተ። ዓለም አቀፉ በረራ ወደዚያ ሲሄድ የአገር ውስጡ በአሮጌው በዶርቫል ቀረ። ከአንዱ ወርዶ በሌላው ለመሳፈር መንገደኛው መኪና ውስጥ ተንገላታ፤ ያሰቡት ፈጣን ባቡርም አልተሠራለትም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሚራቤል የመንገደኛ በረራውን አቋረጠ። የእኛም የአገር ውስጥ በረራ በቦሌ ቢቀር፣ ከመቀሌ መጥቶ ወደ ዱባይ የሚቀጥል ዘመዳችሁ በሁለት አየር ማረፊያዎች መካከል ከባድ ሻንጣ ይዞ ይጓዛል ማለት ነው። ስለዚህ ያኔ ቦታ ስታስይዙ የቲኬቱን ቅጂ ሳናይ መኪና አንልክም። ስማችሁንና ሰዓቱን ብቻ መንገር አይበቃም።

አንድ ነገር ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልንም። ከሾፌሮቻችን የአንዱ ቤተ ዘመድ ለግንባታው ከእርሻቸው ከተነሡት መካከል ናቸው። እኛ የምናተርፈው ግማሽ መንገድ የእነርሱ የጤፍ ማሳ ነበር። በአዳማም ደላሎች «ኤርፖርቱ መጣ» እያሉ የቦታና የቤት ኪራይ ዋጋ እየሰቀሉ ነው። በዚህ ወሬ ተገፋፍታችሁ የቤታችሁን መሸጫም ሆነ መግዣ ውል እንዳትፈርሙ በወንድምነት እንለምናችኋለን።

የዘንድሮ ውላችሁን የምታድሱ፣ ዋጋው ባለፈው ዓመት የከፈላችሁት ነው። ለሌሊት በረራ የምንነሣበት ሰዓትም አልተለወጠም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ አዳማ